የሕንዱ መምህር ቤተ ሰብ በዲላ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አውራ ጐዳና የያዘ መንገደኛ ሻሸመኔንና ሐዋሳን አልፎ፣ አፖስቶንና ጩኮን ወደ ኋላው ትቶ፣ ኮረብታው በእንሰትና በቡና እየተሸፈነ ሲሄድ ያያል። ከዋናው ከተማ 360 ኪሎ ሜትር ያኽል ከተጓዘ በኋላ ዲላ ይደርሳል። ለመንገደኛው ዲላ ምሳ የሚበላባት፣ አቮካዶና አናናስ የሚገዛባት፣ ቢመሽበትም የሚያድርባት ከተማ ናት። በማግሥቱ በወናጎና በይርጋ ጨፌ በኩል ጕዞውን ይቀጥላል። ለአላፊ ሰው ከዚህ የበለጠ ነገር አትነግረውም፤ እርሱም አይጠይቃትም።

እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ አልፈው ስላልሄዱ እንግዶች ነው። ስለ ውጭ አገር ሰዎች ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ አገር አሳሾች፣ ስለ አምባሳደሮች፣ ወይም ካሜራ በአንገታቸው አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ጐብኚዎች ነው። ልጆቻቸውን ከኛ ጋር ትምህርት ቤት የላኩ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ የተበደሩን፣ የቤት ኪራይ ሲጨመርባቸው ከኛ ጋር ያማረሩ ግን እምብዛም አይጻፍላቸውም። በ2001 ዓ.ም. ከቤታችን አጥር ማዶ ያለውን ቤት ተከራይተው የገቡት ሕንዳውያን እንደዚህ ካሉት ነበሩ። አባትየው የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ባለቤታቸው የቤት እመቤት፣ ልጆቻቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ወንዱ ልጅ እንደኔው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ። ስማቸውን ባልጠራ ይሻላል።

ዲላ ከድሮም ቢሆን የውጭ አገር ሰው ብርቅ የሆነባት ከተማ አልነበረችም። ቡናው የግሪክንና የየመንን ነጋዴዎች ሲስብ ኖሯል፤ ከ1940ዎቹ ወዲህ ደግሞ የኖርዌይና የካናዳ ሚሲዮናውያን ከነቤተ ሰባቸው መጥተው ተቀምጠዋል። ነገር ግን በአባቶቻችን ዘመን በጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች የተማረ ሰው «የውጭ አገር መምህር» ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ሕንዳዊው ነው። ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩት እነርሱ ናቸው። ከመካከላቸውም ብዙዎቹ የመጡት ኬረላ ከሚባለው፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ በባሕር ዳር ተዘርግቶ ካለው አገር ነበር።

ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። ኬረላ በሕንድ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ሰው የበዛበት፣ ሥራው ግን ለተማሪው ቁጥር የማይበቃበት አገር ነው። ደግሞም ከክርስቲያኖቹ መካከል የማላንካራ ኦርቶዶክሳውያን በሃይማኖት ከኛይቱ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ናቸው፤ በጥር 1957 ዓ.ም. የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ሲሰበሰቡ የእነርሱም መሪ ተገኝተው ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1949 ዓ.ም. ሕንድን ጐብኝተዋል። ከዚያም አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ፖል ቨርጊስ የተባለ የኬረላ ወጣት በመምህርነት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው አማርኛ ተምሮ፣ ኋላም ለንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ረዳት ሆኖ አገልግሎ፣ በመጨረሻ ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ ተብሎ የቤተ ክርስቲያኑ ጳጳስ ሆኗል። ከኛ የገጠር ትምህርት ቤት ወንበር ተነሥቶ እስከ ጵጵስና መድረስ እንግዲህ ቀላል መንገድ አይደለም!

በስም የሚመሳሰለው ሌላው ቨርጊስ ደግሞ ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይቀርባል። ሐኪሙና ደራሲው አብርሃም ቨርጊስ ከኬረላ ከመጡ መምህራን በአዲስ አበባ በ1947 ዓ.ም. ተወለደ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና እየተማረ ሳለ አብዮቱ ደረሰና ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያ በሆስፒታል ዝቅተኛ ሥራ እየሠራ ከቆየ በኋላ ወደ ወላጆቹ አገር ተሻግሮ በማድራስ ትምህርቱን ፈጸመ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው «ከቲንግ ፎር ስቶን» የተባለው ልብ ወለድ የአዲስ አበባ ታሪክ ነው፤ በ2023 ያወጣው «ዘ ኮቨናንት ኦፍ ዎተር» ግን የኬረላ ታሪክ ነው፤ መነሻውም እናቱ ለልጅ ልጇ ስለ ልጅነቷ በእጅዋ የጻፈችው ማስታወሻ ነው። ሰውየው አንዱን መጽሐፍ ለተወለደበት አገር፣ ሌላውን ለወላጆቹ አገር ጻፈ ማለት ነው። መምህሩ አባት ኮንትራቱን ሲፈርም ልጁ ለሁለት አገር እንደሚከፈል አያስብም፤ የሚያስበው ስለ ደመወዙ ነው። ይህንን እኔ በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በአጥር ማዶ አይቼዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1996 በዲላ የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር፤ በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ በየአቅጣጫው ዩኒቨርሲቲ ይከፈት ስለ ነበረ አስተማሪ አልተገኘም። ስለዚህ ሕንዳውያኑ እንደገና መጡ። የኛም ጎረቤት ከነዚሁ አንዱ ነበሩ። ከኮቺ ወደ ሙምባይ፣ ከሙምባይ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲህ በአውቶቡስ፤ ሻንጣቸው አራት፣ አንዱ ሻንጣ ቅመምና መጥበሻ ብቻ።

በመጡ በማግሥቱ መምህሩ ከጓሯችን ያለውን እንሰት አይተው እጅግ ደስ አላቸው። በአገራቸው ሙዝ የኑሮ መሠረት ነው፤ ፍሬውን ይበሉታል፣ በቅጠሉ ላይ ምግብ ያቀርቡበታል። እናቴን በምልክት «ፍሬው መቼ ይደርሳል?» ብለው ጠየቋት። እናቴ ፍሬው እንደማይበላ፣ የሚበላው ግንዱና ሥሩ እንደ ሆነ፣ እርሱም ተፍቆ በጕድጓድ ተቀብሮ ከርሞ እንደሚወጣ በእጅዋ ልታስረዳቸው ሞከረች። ሰውየው የተረዱት «ዛፉን ቈርጠን እንቀብረዋለን» የሚለውን ብቻ ስለ ነበረ በኀዘን አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከሦስት ወር በኋላ ግን በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ቆጮ ከነሚጥሚጣው የሚበሉ ሰው ሆኑ። ባለቤታቸው እንዲያውም ከእንጀራው ይልቅ ለመዱት።

የአንገቱ ነገር ከተነሣ አንድ ልጨምር። ሕንዳውያን «እሺ» ለማለት ራሳቸውን ወደ ጐንና ወደ ጐን ያወዛውዛሉ፤ በኛ ዘንድ ይህ «አይሆንም» ማለት ነው። ወይዘሮዋ በዲላ ገበያ የቲማቲም ዋጋ ሲነገራቸው ተስማምተው ራሳቸውን ይወዘውዛሉ፤ ባለ ቲማቲሟ እንቢ ያሉ መስሏት ትቀንሳለች፤ እርሳቸው በዚህ ደግሞ ይበልጥ ተስማምተው ይወዘውዛሉ፤ እርሷም እንደገና ትቀንሳለች። በገበያው «ሕንዷ ኀይለኛ ተከራካሪ ናት» ተብሎ ተወራ። ወይዘሮዋ በበኩላቸው የዲላ ሰው እጅግ ደግ መሆኑን ለአገራቸው ሰዎች በስልክ ይነግሩ ነበር። ነገሩ የተገለጠው በሁለተኛው ዓመት ነው።

ልጁ «አንቲ» እንድንላቸው አስተማረን። የሰፈሩ ሴቶች በመጀመሪያው ዓመት «ሕንዷ» ይሏቸው ነበር፤ ኋላ በልጃቸው ስም የእገሌ እናት አሏቸው። ልጁ ራሱ እናቱን «አማ» ሲል እናቴን ደግሞ እንደኔው «እማዬ» ይላት ነበር። አማርኛው በስድስት ወር እንደኛ ሆነ፤ ጌዴኦኛውን ከሜዳ ኳስ ጋር አብሮ ለቀመ፤ እንዲያውም ወላጆቼ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ በመሆናቸው በጌዴኦኛ እርሱ ይበልጠኝ ነበር። ከጐንደር ወይም ከደብረ ማርቆስ ወደ ሩቅ ወረዳ የተመደባችሁ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ስታነቡ ምናልባት ፈገግ ትላላችሁ። የባዕድ አገር ኑሮ ለመኖር ፓስፖርት የግድ አይደለም።

ስለ ቡናው ደግሞ መምህሩ አንድ ታሪክ ነበራቸው። በ17ኛው ምእተ ዓመት ባባ ቡዳን የተባለ የእስላም ቅዱስ ሰው ወደ መካ ሄዶ ሲመለስ ከየመን ሰባት የቡና ፍሬ ደብቆ ወደ ደቡብ ሕንድ ተራራ አመጣ ተብሎ ይነገራል። ይህን በቡና ሥነ ሥርዐት ላይ ሲተርኩልን እናቴ ረከቦቱ ላይ እንዳጐነበሰች፣ «እንግዲያው ቡናችሁ የኛ የልጅ ልጅ ነው» አለቻቸው። ወይዘሮዋ በመጀመሪያ ጊዜ አቦሉን ጠጥተው፣ አመስግነው ተነሡ፤ ነውር መሆኑን የነገራቸው ልጃቸው ነው። ከዚያ በኋላ በረካውን ሳይጠጡ ተነሥተው አያውቁም።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገር እንዲህ ጣፋጭ አልነበረም። የውጭ አገር መምህር ደመወዝ በዶላር ይታሰብ ስለ ነበረ፣ በዚያው ክፍል በዚያው ማዕረግ የሚያስተምረው ኢትዮጵያዊ መምህር የሚያገኘው ከእርሱ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ይህ ቅሬታ ትክክለኛ ነበረ እላለሁ። ተማሪዎችም እንግሊዝኛቸው አይሰማም እያሉ ያጕረመርሙ፣ አነጋገራቸውን እየቀዱ ይሣለቁ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ይህን ቀልድ ሰምቼ ስቄአለሁ፤ ኋላ ራሴ ጠመኔ ይዤ ከሰሌዳ ፊት ስቆም ተማሪዎቼ የኔን አነጋገር ከበር ኋላ ሲቀዱ ሰማሁና ሳቁ ቀረ።

ጕዟቸው ብዙ አልነበረም። ዕረፍት ሲሆን ወደ ሐዋሳ ወርደው ሐይቁን ያያሉ፤ ለመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። አንድ ቅዳሜ ግን እኔንም ይዘውኝ ከወናጎ ወዲያ ወደ ቱቱ ፈላ ሄድን። በዚያ ከሦስት መቶ የሚበልጡ የጥንት መቃብር ድንጋዮች ቆመው፣ ዘመመውና ወድቀው ይገኛሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ የሰው ፊትና እጅ ተቀርጾባቸዋል። መምህሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞሩ ቆይተው፣ እርሳቸው በተወለዱበት በትሪሹር አውራጃም የጥንት ሰዎች ለሙታናቸው ያቆሟቸው፣ ጃንጥላ የሚመስሉ ድንጋዮች መኖራቸውን ነገሩን። ልጁና እኔ ግን የምንሻው ድብብቆሽ ስለ ነበረ ንግግራቸውን አቋረጥናቸው።

በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ የኬረላ ሰዎች ትልቅ በዓል ኦናም ከጳጕሜን ጋር ገጠመ። በዚህ በዓል በደጅ መሬት ላይ በአበባ ቅጠል ክብ ሥዕል ይሠራሉ። ወይዘሮዋ አበባ ፈልገው ሲጨነቁ የሰፈሩ ልጆች ለዘመን መለወጫ ከደጋው በኩል የለቀሙትን ቢጫ አበባ በጕንጕን በጕንጕን አምጥተው አፈሰሱላቸው። የዚያን ዓመት የኦናም ሥዕል ቢጫ ብቻ ሆነ። ኮኮናት ያልገባበት ወጥ ለእርሳቸው ወጥ አልነበረም፤ በዲላ ግን ኮኮናት የለም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጡትን የደረቀ ፍቅፋቂ በማንኪያ እየቈጠሩ ነበር የሚጨምሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2004 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ፣ ሌሊት፣ የመምህሩ አባት በኬረላ ማረፋቸው በስልክ ተነገረ። ከዲላ ተነሥቶ አውቶቡስ ይዞ፣ አዲስ አበባ አድሮ፣ ሙምባይ ገብቶ፣ ኮቺ እስኪደረስ ድረስ ቀብሩ ያልፋል። ቲኬቱም በዚያች ሌሊት የሚገኝ አልነበረም። መምህሩ መሄዱን ተዉት። በማግሥቱም እንደ ወትሮው ወደ ሥራ ለመሄድ ቦርሳቸውን ይዘው ከበር ሲወጡ እናቴ ዐይናቸውን አይታ ምን እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ልጁ በአማርኛ ነገራት። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጣፋችና ቦርሳውን ከእጃቸው ተቀበለች።

ከረፋዱ በፊት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ። መምህሩ በመጀመሪያ ድንኳኑ ለምን እንደ ሆነ አልገባቸውም፤ የቤቱ ባለቤት ጣራ ሊያድስ የመጣ መስሏቸው ነበር። ወንበር ተደረደረ። ሴቶቹ ንፍሮና ዳቦ አመጡ፣ ቡና ተጣደ። ሰፈርተኛው እየገባ፣ «እግዜር ያጥናዎ» እያለ፣ በዝምታ ይቀመጥ ጀመር። ከነዚያ ሰዎች ማንም ሟቹን አላየም፤ ሟቹም ዲላ የሚባል ከተማ መኖሩን የሰሙት ከልጃቸው ደብዳቤ ነው። መምህሩ በመካከል ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከአንዱ ወደ አንዱ ያዩ ነበር።

ሲቆይ አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ፣ የእድሩ ዳኛ የነበሩ፣ «አባትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ተርጓሚ ሆነ። መምህሩም ቀስ እያሉ ይናገሩ ጀመር፤ አባታቸው ቁንዶ በርበሬና ኮኮናት ያለበት ትንሽ እርሻ እንደ ነበራቸው፣ የቁንዶ በርበሬው ሐረግ በዛፎች ላይ እንደሚወጣ፣ አባታቸውም እስከ ሰባ ዓመታቸው በመሰላል እየወጡ ይለቅሙ እንደ ነበረ። ሽማግሌዎቹ ወደ ፊት ጐንበስ አሉ። ይህ የሚያውቁት ነገር ነው። በጌዴኦ ምድር ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር፣ እንሰቱ ከቡናው አጠገብ፣ ዛፉ ከሁሉ በላይ ሆኖ ይኖራል፤ ሰውም የሚለካው ለልጁ በተወው ዛፍ ነው። ስንት ዛፍ እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ምን ያኽል ዕድሜ እንዳለው ጠየቁ። በመጨረሻም ዳኛው፣ «አሁን ዛፎቹን ማን ይጠብቃቸዋል?» አሉ።

ልጁ ይህን ሲተረጕም መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። ሲያለቅሱ ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ፤ እናቴም የራሷን አባት እያነሣች አለቀሰች። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ አልተነሣም።

ያ ጥያቄ ግን በቤታቸው ውስጥ ቀረ። ሴት አያቲቱ ብቻቸውን ሆነው ነበር። ልጁም ከአንድ ዓመት በኋላ የሕንድን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ለመውሰድ መዘጋጀት የሚጀምርበት ጊዜ ይደርሳል፤ በዲላ ያንን ትምህርት የሚሰጥ የለም። በአዲስ አበባ የሕንዳውያን ትምህርት ቤት አለ፤ ነገር ግን የሚያስቀምጡበት ዘመድ አልነበራቸውም። ባልና ሚስት በቋንቋቸው ሲነጋገሩ በአጥሩ በኩል ይሰማን ነበር፤ ቃሉ ባይገባንም ስለ ምን እንደ ሆነ ይገባን ነበር። በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ ልጁ ወደ አያቱ ተላከ። እርሱ ግን «አልሄድም፤ አገሬ እዚህ ነው» ብሎ ከኛ ቤት ጓዳ ሁለት ሰዓት ያኽል ተደብቆ ነበር። አሳልፎ የሰጠው እኔ ነኝ፤ አባቱ ሲጠይቁኝ መዋሸት አልቻልኩም። በመኪናው መስኮት አላየኝም።

ከዓመት በኋላ የመምህሩ ኮንትራት አለቀ፤ አልታደሰም። በነዚያ ዓመታት ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ያላቸው ኢትዮጵያውያን እየበዙ ስለ ሄዱ የውጭ አገር መምህራን ቁጥር እየቀነሰ ነበር፤ ይህም መሆን የሚገባው ነው። ወይዘሮዋ ሲሄዱ መጥበሻቸውን ለእናቴ ተዉላት። እናቴ እስከ ዛሬ ቡና የምትቈላው በእርሱ ነው።

ባልንጀራዬን በስልክ መልሼ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እርሱም እንደ ብዙዎቹ የኬረላ ልጆች፣ እንደ ብዙዎቹም የኛ አገር ልጆች፣ ለሥራ ወደ ዱባይ ተሻግሯል። ድምፁን ቀርጾ ሲልክልኝ የገረመኝ አማርኛውን አለመርሳቱ አይደለም፤ አማርኛው አለማደጉ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ሰው በወፍራም ድምፅ በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቃላት ይናገራል፤ «ተጣልተናል እንዴ?» ይላል፣ «ሙት በለኝ» ይላል። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቪዛ፣ ስለ ጋብቻ ሲሆን ቃል ያጣና ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በዚያ ካፌ የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት «ማን አሳደገህ?» ብላ እንደ ሳቀችበት ነገረኝ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም ዜናውን በመጀመሪያ የነገረኝ እርሱ ነው፤ እኔ በዚያ ሰዓት የተማሪዎች ስም እመዘግብ ነበር።

ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ግን ስለ አንድ ነገር ነው። በልጅነታችን በሁለቱ ቤቶች አጥር መካከል የአቮካዶ ፍሬ ቀብረን ነበር፤ እርሱ በሄደበት ዓመት ከወገባችን አይበልጥም ነበር። ዛሬ ከጣራው በላይ ነው፤ ማፍራት ከጀመረ ጥቂት ዓመት ሆነው። ፎቶግራፉን እልክለታለሁ። ዐምና ያንን ቤት የተከራየ ሰው ግቢው ጨለመብኝ ብሎ ዛፉን ለማስቈረጥ መጥረቢያ የያዘ ሠራተኛ ይዞ መጣ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ፣ ጥላው ከበዛበት ቅርንጫፉን እንዲያስመለምል፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ ነገረችው። ሰውየው ዛፉ የማን እንደ ሆነ ቢጠይቃት፣ «ባለቤት አለው፤ ለጊዜው ውጭ አገር ነው» አለችው።